አሮጌዋ ካርድ ላይ ያለው ሁለተኛ ስም

ስልኬ የጮኸው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። ያን ዕለት የማደርሳቸው ሰውዬ የእኔን ሁለት እጥፍ ይመዝናሉ፤ በረራቸው ሊያመልጣቸው ነው፤ እኔ ላብ በላብ ሆኜ እየሮጥኩ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ዘጋሁት። ደግሞ ደወለ። ዘጋሁት። ሦስተኛ ሲደውል "ኧረ እናንተ ሌቦች፣ በጠዋቱ እንኳ አታርፉም!" ብዬ ቁጥሩን ብሎክ አደረግሁት። ሰውዬው አንገታቸውን አዙረው "ሰላም ነው?" አሉኝ። "ሰላም ነው፣ ምንም አይደለም" አልኩ። የበረራው በር ጋ ስንደርስ አምስት ዶላር ቲፕ ሰጡኝ፤ ዛሬ ቀኔ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ይህቺን ጥሪ ያዙልኝ። እኔ በማግሥቱ ረስቻታለሁ፤ ግን የወሬው ሁሉ መነሻ እሷ ናት። ይህን የምጽፈው የድሮ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ስለመጣብኝ አይደለም። ዕዳ በዚህ ከተማ ለማን ያልመጣበት አለ? የምጽፈው በዚያ ሐምሌ አንዲት ትልቅ ሴት በእኔ እጅ ሊሞቱ ምንም ስላልቀራቸው ነው። ያውም እኔን ከአየር ማረፊያ ተቀብለው ቤታቸው ያስገቡኝ ሴት።

እትዬ እላቸው ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ በእጄ የነበረው ሁለት ሻንጣና የእሳቸው ስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሰጠችኝ የአክስቴ ጎረቤት ናት፣ እሷም በቅጡ አታውቃቸውም። እሳቸው ያኔ ስድሳን አልፈዋል፤ አንድ ትልቅ ካዚኖ ያለበት ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ለአንድ ወር ብለው አስገቡኝ፣ አራት ዓመት ተቀመጥኩ። አርትስ ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ያለ አሮጌ አፓርታማ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ በረንዳው ላይ በትልቅ የቲማቲም ጣሳ የተከሉት በሶብላ አለ። ኪራይ ልክፈል ስላቸው "መጀመሪያ ጫማ ግዢ፣ በዚህ ጫማ ማን ይቀጥርሻል!" አሉኝ።

የከፈልኩት በሌላ ነው። እትዬ ሥራ ቦታ የሚበቃ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ወረቀት ላይ ያለው ግን አይገባቸውም። ከሥራ ስመለስ የቀኑን ደብዳቤ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ይጠብቁኛል። "አንብቢልኝ እስኪ፣ ምን ይላል?" ይላሉ። እኔ ሳነብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው ነው የሚሰሙት። የፒዛ ማስታወቂያም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አንዳንዴ ሰልችቶኝ "ምንም የለበትም፣ ልጣለው?" ስላቸው "ምንም የሌለበትን ምን ብለው ላኩት ታዲያ? አንብቢው" ይሉኛል።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። እትዬ ክሬዲታቸው፣ ማለት ዕዳ በመክፈል ያላቸው ስም፣ ተሰባብሯል። ከእኔ በፊት ለመጣ አንድ የአገር ልጅ ለመኪና ዋስ ፈርመው፣ እሱ መኪናውንም እሳቸውንም ጥሎ ሌላ ስቴት ጠፋ። እዚህ አገር ክሬዲት የሌለው ሰው ደግሞ ቤት አይከራይም፣ የስልክ መስመር እንኳ በልመና ነው የሚያገኘው። የእኛ ሰው ለዚህ የራሱ መላ አለው፤ ቀድሞ የመጣ ሰው አዲስ መጪውን ካርዱ ላይ ሁለተኛ ስም አድርጎ ያስገባዋል። ባለካርዱ በሰዓቱ ሲከፍል የአዲስ መጪውም ስም አብሮ ይነሳል። እኔ የመጀመሪያ ካርዴ ሲመጣ ነገሩን ገልብጬ አደረግሁት፤ እንግዳዋ ተቀባይዋን አስገባች። በእሳቸው ስም የተሠራው ካርድ በፖስታ ሲመጣ ስመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ሽፋን ውስጥ ከተቱትና "ልጄ፣ በስምሽ አልቀልድም" አሉኝ።

ከዚያ አገባሁና ወጣሁ። ከሰርጉ ትንሽ ቆይቶ የእኔን ካርድ በመቀስ ከአራት ቆርጬ ጣልኩት። አትሳቁብኝ፣ ካርድ ከተቆረጠ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ባንክ ደውሎ ማዘጋት እንዳለ ማን ነገረኝ? ሂሳቡም ባንክ፣ ሁለተኛው ካርድም እትዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በሕይወት እንዳለ አላሰብኩም።

በዓመቱ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፈለ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ዛሬ በውል አልነግራችሁም። ስለ ፓስተሩ ነው፣ ስለ አዳራሹ ኪራይ ነው፣ ማን ሳይጠየቅ ምን ፈረመ የሚል ነው። መንፈስ ቅዱስ ከማን ጋር እንደሄደ ግን ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ነበር። እኔና ባለቤቴ ከወጡት ጋር ወጣን። እትዬ ቀሩ። የመጨረሻው ቀን ፓርኪንጉ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እርስዎም ከእነሱ ጋር ነዎት?" አልኳቸው። "እኔ የትም አልሄድኩም ልጄ፤ የሄድሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። የመኪናውን በር በኃይል ዘግቼ ሄድኩ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ሱቅ ውስጥ አንድ ቀን ከሩቅ አይቻቸው በምስር መደርደሪያው ዞሬ አልፌያለሁ።

ቴክስቶቹ የጀመሩት ከዚያ ማክሰኞ ወር ተኩል ያህል ቆይተው ነው። "የክፍያ ቀንዎ አልፏል፤ እባክዎ ያስታውሱ" ይላል፤ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉበት። ከት ብዬ ሳቅሁ። በመቀስ የቆረጥኩት ካርድ! የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ግሩፕ ውስጥ "ይህን ሊንክ እንዳትነኩ"፣ "የማታውቁትን ቁጥር እንዳታነሱ" እያለች በቀን ሦስቴ የምትለጥፈው እኔ ነኝ። እህቶች ለምክር የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ይኼን ቴክስትም ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና "አዲስ ሌብነት ነው፣ ተጠንቀቁ" አልኩ። ሃያ ሰው "አሜን" አለ፤ ለምን አሜን እንዳሉ አይገባኝም።

ማስታወሻዎቹ ግን አላቆሙም። መጀመሪያ ትሁት ነበሩ። ከዚያ "ሁለተኛ ማስታወሻ" መጣ። ከዚያ "እባክዎ" የሚለው ቃል ጠፋ። ኢሜይል መጣ፣ ድምፅ የተቀዳበት ጥሪ መጣ፤ አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ የእኔን ሙሉ ስም፣ የአባቴን ስም ሳይቀር እየደጋገመች ትጠራለች። ብሎክ ባደረግሁ ቁጥር በሌላ ቁጥር ይመጣል። ልብሴን እያጠፍኩ፣ ምሳዬን እየበላሁ፣ ሰው እየገፋሁ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይርገበገባል። ሌባ እንዲህ አይታገስም የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፤ አባርረዋለሁ። አንዴ እንኳ ግን ሁለተኛው ካርድ ማን ጋ እንዳለ ራሴን አልጠየቅሁም። ወይም መጠየቁን ፈርቻለሁ፤ ሁለቱን ለመለየት ይቸግረኛል።

ያን ጊዜ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ቤት ልንገዛ ነበር። ባለ ሦስት መኝታ፣ ከኋላው ሁለት የሮማን ዛፍ ያለው። ክሎዚንግ፣ ማለት የመጨረሻው ፊርማ፣ ሊሆን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ባለቤቴ ቤቱን ሳይረከብ መጋረጃ ለክቶ ጨርሷል። ብድሩን የሚጨርስልን ያገራችን ልጅ አንድ ቀን ሥራ ላይ ደወለልኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ወር ያልተከፈለ ካርድ አለሽ! ሦስተኛው ወር ከገባ ባንኩ ብድሩን ይነሳችኋል፣ እወቂው።"

የእረፍት ሰዓቴን ጠብቄ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ገባሁ፣ ኤሲውን ለቅቄ የካርዱን ባንክ ደወልኩ። ቀልጠፍ ያለች ጨዋ ልጅ አነሳች። ካርዱ በሕይወት አለ። በየወሩ አንድ ክፍያ ብቻ ይወጣበታል፣ ሁልጊዜ ያው ትንሽ ገንዘብ፣ ስሙ ሦስት ፊደል ብቻ ለሆነ ድርጅት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይዘገይ በመኒ ኦርደር ተከፍሏል። አሁን ሁለት ወር ተቋርጧል። የክፍያ መጠየቂያው የሚላክበት ይኼ አድራሻ ነው አለችና አነበበችልኝ። በጆሮዬ ስሰማው ደረጃው ታየኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ የበሶብላው ጣሳ።

"ካርዱ ላይ ሁለተኛ ስም አለ" አለች፤ ስማቸውን እየሰባበረች አነበበችው። "ይህችን ሰው ያውቋታል? ካወቋት ክፍያው የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ካላወቋት ግን ካርዱን አሁኑኑ ዘግቼ ነገሩን ለማጭበርበር ክፍል አስተላልፋለሁ፤ እስኪጣራ ስምዎ ላይ ያለው ይነሳል።"

አፌ አምልጦኝ ነው ብል ደስ ይለኛል። ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። የሮማን ዛፎቹን አሰብኩ፣ መጋረጃውን አሰብኩ፣ "የሄድሽው አንቺ ነሽ" ያሉኝን አሰብኩ። ሰባት ዓመት በስሜ ሲነግዱ ኖረዋላ ብዬ ተናደድኩ፤ የንዴቱ ደስታም ነበረበት። ከፍዬ መዝጋት እችል ነበር፤ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነበር። "አላውቃትም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በጭራሽ አላውቃትም።"

ልጅቷ ቁልፍ ስትጫን ሰማኋት። "ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ ምንም ክፍያ በዚህ ካርድ አያልፍም። ማረጋገጫ ደብዳቤ በመዝገብ ባለው አድራሻ እንልካለን" አለች። "እሺ፣ እሺ" አልኩ፤ ለመዝጋት ቸኩዬ ነበር። አድራሻው የማን መሆኑን ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰምቼ፣ ደብዳቤው የት እንደሚሄድ አላሰብኩም። በሦስት ቀን ውስጥ ብድሩ ተስተካከለ። ለባለቤቴ "ሌባ ነበር፣ አዘጋሁት" አልኩት። "ጎበዝ" አለኝ።

ስልኩ ዝም አለ። ስንት ሳምንት ሲያሰቃየኝ የነበረ ነገር ዝም ሲል ማረፍ ነበረብኝ፤ ዝምታው ግን ባሰብኝ። ስሠራም፣ ስበላም አንዲት ጥያቄ ትመጣለች። ሰባት ዓመት አንድ ቀን ሳያሳልፉ የከፈሉ ሴት አሁን ለምን አቆሙ? አገር ቤት ገብተው ይሆናል እላለሁ። ልባቸው ከፍቶ ይሆናል እላለሁ። እሁድ ከጸሎት በኋላ አንዷ እህት በወሬ መሐል "እነዚያ እኮ ተበተኑ፣ አዳራሹን ከለቀቁ ቆዩ" አለች፤ የቀሩትን ወገን ማለቷ ነው። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ግን፣ ታዲያ አሁን የእትዬን በር ማን ያንኳኳል አልኩ። ስልኬ ላይ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ ይላል። ጠርጌ አጠፋሁት። ጌታ ሆይ፣ በጣቴ ስንቱን ነገር ጠርጌ አጥፍቻለሁ!

ባንክ ከደወልኩ በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ነጭ አሮጊት ደረሰችኝ። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች። ፍተሻው ጋ ሠራተኛዋ "የአንገት ጌጥሽን አውልቂ" ስትላት "ይኼንን? ይኼንንስ ለባሌም አላወለቅሁለት!" ብላ ከሸሚዟ ውስጥ መዘዘችው። ነጭ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው፤ መሐሉ ላይ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ አለው። ከቁልፉ በታች ሦስት ፊደል።

እነዚያ ሦስት ፊደሎች።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ከወደቅሁ እጫነዋለሁ። ሰው ያናግረኛል። መጀመሪያ ለልጄ ይደውላሉ፣ ከዚያ አምቡላንስ ይልካሉ። ብቻዬን ነው የምኖረው።"

"በየወሩ ይከፈላል?"

"እንዴታ።"

"ካልተከፈለስ?"

"ካልተከፈለማ ጌጥ ነው!" አለችና ሳቀች።

እንዴት አድርጌ የበረራዋ በር ጋ እንዳደረስኳት አላስታውስም። የትዝታ ነገር፣ ሰባት ዓመት የጠፋብኝ ያን ጊዜ መጣ። ከሰርጌ በፊት ባለው ሳምንት ልብስ ቤት ቆሜ፣ አስተካካይዋ ወገቤን በመርፌ እየያዘች፣ እትዬ ደውለው ነበር። "ልጄ፣ በዚያች ካርድሽ በየወሩ አንዲት ትንሽ ነገር ብከፍልባት ቅር ይልሻል? እኔው ነኝ የምከፍለው፣ አንቺን አይነካሽም" አሉኝ። ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም። "እትዬ ይሙቱ፣ የፈለጉትን ያድርጉባት!" ብዬ ዘጋሁ። አፍ ነው እንግዲህ፣ ሁላችንም እንዲህ እያልን ነው የምንምለው። ለካ እኔ ልወጣ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚሰማቸው ሰው ሊያጡ ስለሆነ ነው ያችን ቁልፍ የገዙት። እኔም አላውቃትም ብዬ አጠፋሁባቸው።

የድሮ ቁጥራቸውን ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው ይላል። ደግሜ ደወልኩ። ሱፐርቫይዘሬን "የእናቴ ነገር ነው" ብዬው ወጣሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መሪው እጅ ይፈጃል፣ መንገዱ ላይ አንድ የሚሄድ ሰው የለም። አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ቀን እያልኩ ነዳሁ። መጸለይ እንኳ አፈርኩ። ምን ብዬ? የማላውቃትን ሴት አድንልኝ ልበል?

በረንዳው ላይ በሶብላው ደርቆ ገለባ ሆኗል። ጣሳው ያው ነው። አንኳኳሁ፤ ዝም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በመዳፌ ደበደብኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወለሉ ላይ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ይጎተታል፣ ይቆማል። ይጎተታል፣ ይቆማል።

"ማነው?"

ማን ልበል? "እኔ ነኝ፣ እትዬ" አልኩ።

ሰንሰለቱ ተፈታ። ተደግፈውት የሚሄዱበት ብረት ላይ ተንጠልጥለው ቆመዋል። ግማሽ አክለዋል። ግራ ፊታቸው ከዓይናቸው ሥር እስከ አገጫቸው ቢጫና ጥቁር ሆኗል። ነጩ ቁልፍ ደረታቸው ላይ አለ። የሥራ ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩትና "ከሥራ ነው የመጣሽ? ግቢ ልጄ፣ ሙቀቱ እንዳይገባ" አሉኝ። ትናንት የተለያየን ነው የሚመስለው።

ፊታቸውን አይቼ "ምን ሆነው ነው?" አልኩ። ተቀምጠው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ነገሩኝ። በሚያዝያ ኩሽና ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። "ይህችን ተጫንኳት። ሰውዬው ወዲያው አናገረኝ። ልጅዎ ጋ እንደውላለን አለኝ። የሞላሁት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው አንቺ ነሽ፤ ልጄ ነው ያልኳቸው፣ ሌላ ምን ልበል? ሦስት ጊዜ ደውለን አላነሳችም አለኝ። ሥራ ላይ ናት፣ ሰው እየገፋች ነው፣ አትቀየሟት አልኩት። አምቡላንሱ መጣ።"

ማክሰኞ ጠዋት። ብሎክ ያደረግሁት ቁጥር። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እሳቸው ቀጥለዋል። ሆስፒታል፣ ከዚያ መራመድ የሚያስተምሩበት ቦታ፤ ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ስልካቸው ሆስፒታል ውስጥ ጠፍቷል። "ተኝቼ የሚያስጨንቀኝ የካርድሽ ነገር ነበር። ሰባት ዓመት በሰዓቱ ከፍዬ ስምሽን አበላሸሁብሽ ብዬ። ደብዳቤ የሚያነብልኝ እንኳ የለም። ከተመለስኩ አሥር ቀኔ ነው፤ በማግሥቱ በዚህ ብረት እየተጎተትኩ ሄጄ የሁለቱንም ወር ላክሁ። ይቅር በይኝ" አሉኝ። ይቅር በይኝ አሉኝ!

"ፊትዎስ?" አልኩ። መልሱን እያወቅሁት ነው የጠየቅሁት።

"እሱ የሦስት ቀን ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ወደቅሁ። ተጫንኳት፤ ዝም። ተጫንኳት፤ ዝም። ተበላሽታ ይሆናል ብዬ ሲደክመኝ ተውኳት። ከሰዓት ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ነበርኩ። ውሃ ጠማኝ፤ ቧንቧው ከላዬ ይንጠባጠባል፣ አልደርስበትም። በኋላ በጫማዬ ወለሉን ስደበድብ ታችኛው ቤት ያለችው ሴትዮ ሰማችኝ፤ አስተዳዳሪውን ይዛ መጣች።" እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። "ስትመጪ ደስ ያለኝ ለምን መሰለሽ? ደብዳቤ አለ። የተጻፈው በስምሽ ነው፣ ስለዚህ አልከፈትኩትም። ከካርዱ ይመስለኛል። አንብቢልኝ እስኪ፣ ምን ይላል?"

ፖስታውን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ከፈትኩት። አጭር ነው፤ አንድ አንቀጽ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ የፈለግሁትን ማለት እችል ነበር። ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል ማለት እችል ነበር። ያመኑኝ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሁሉ አምነውኛል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድም ቀን ውሸት አንብቤላቸው አላውቅም፤ በምንም መንገድ ባሳዝናቸው በዚህ አላሳዘንኳቸውም። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ አነበብኩ።

"'በስልክ እንደነገሩን፣ በካርድዎ ላይ ሁለተኛ ስም ሆና የተመዘገበችውን ሰው ፈጽሞ ስለማያውቋት፣ በጥያቄዎ መሠረት ካርዱን ዘግተናል።'" ከዚያ ስማቸው አለ። ስማቸውንም አነበብኩት። ከዚያ ቀኑ አለ።

ማቀዝቀዣው ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። በጣታቸው ቀኖቹን ሲቆጥሩ አየሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሽንት ቤት የወደቁበት ቀን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ቤት ልትገዙ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ። "ተሳካ?"

"አዎ።"

"ተመስገን" አሉ። ልጄ አላሉኝም።

ያኔ አለቀስኩ። ድሮ ሳለቅስ "አይዞሽ፣ ተይ፣ ዓይንሽ ያብጣል" ይሉኝ ነበር። ያን ቀን አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ለጌታ ብዬ ይቅር ብያለሁ" አሉኝ። የለመንኩትን ይቅርታ አገኘሁ፤ ልቤ ግን ምንም አልቀለለውም።

የቁልፉን አገልግሎት እዚያው እንደገና አስከፈትኩ። ድርጅቱን ደውዬ የራሴን፣ የምጠቀምበትን ካርድ ሰጠሁ። አዲስ ፎርም በስልኬ ላኩልኝ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ እያነበብኩ፣ እየተረጎምኩ ሞላሁት። ዕድሜ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ፎቁ። ከዚያ "ቢወድቁ መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው" የሚል መጣ። ጣቴ ስሜን መጻፍ ጀምሯል።

"ታችኛዋን ጎረቤቴን አድርጊ" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"እሷ ታነሳለች" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለበትም።

ስሜን አጠፋሁ። "ሁለተኛስ?" አልኩ። ወደ በረንዳው፣ ወደ ደረቀው በሶብላ እያዩ ቆዩና "ሁለተኛ ይቅር" አሉኝ። የጎረቤቷን ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ገለበጥኩ፤ ሁለተኛውን ክፍት ትቼ ላክሁት።